የተነፋ አፈር

እኛ ሰፈር ሰው ሲጣላ መጀመሪያ የሚወረውረው ስድብ «አፈር ብላ!» የሚል ነበር። ስለዚህ አንድ ቀን ከመስኖ ጽሕፈት ቤት የመጣ፣ ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ የከተተ፣ ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰካ ወጣት ጎንበስ ብሎ ከመንገድ ዳር አፈር ቆንጥሮ ምላሱ ላይ ሲያደርግ ሳይ፣ «ይህን ሰውዬ ማን ረግሞት ይሆን?» ብዬ አዘንኩለት። አፈሩን በአፉ ውስጥ አዟዟረው፤ ሰማይ ሰማይ እያየ ትንሽ አሰበ፤ እንትፍ አለ፤ ከኮዳው ውሃ ተጉመጠመጠ፤ ከዚያ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ሮጬ ቤት ገባሁና ለእናቴ «አፈር የሚበላ ሰው መጥቷል፤ የበላውንም ይመዘግባል» አልኳት።

«ደግሞ ጀመረሽ» አለችና ሥራዋን ቀጠለች። በዚያ ዕድሜዬ በቀን ሦስት ጊዜ ያህል ጉድ ተሸክሜ ስለምገባ ወሬዬን የሚሰማ አልነበረም። በማግስቱ ግን ሰፈሩ በሙሉ ሰውዬውን አይቶት «አፈር ቀማሹ» የሚል ስም አውጥቶለት ነበር።

ጥጥ የምንዘራበት ማሳችን ከወንዙ ዳር፣ ሙላቱ በየዓመቱ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። ወንዙ በዓመት አንድ ጊዜ ከሩቅ ተራራ ደለል ተሸክሞ ይመጣል፣ ሜዳው ላይ ይተኛል፣ ሸክሙን ጥሎ ይሄዳል። ዝናብ የምንለው ነገር አልነበረንም። በዓመት ሁለት ቀን ሰማዩ ይጠቁርና ሰው የታጠበ ልብሱን ከገመድ ላይ ሰብስቦ ሳይጨርስ ያበቃል። ፀሐይዋ ግን ዓመቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነች።

ጠዋት ስንነሣ ማሳው ነጭ ሆኖ እናገኘዋለን። ረግጬው ስሄድ የላዩ ቅርፊት ቀጭ ቀጭ እያለ ይሰበራል፤ ሥሩ ደግሞ ዱቄት ነው፤ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይገባል። ከዚያ የሚበልጥ ጨዋታ አላውቅም ነበር። አባቴ ግን ገና ጎህ ሲቀድ መጥረጊያ ይዞ ይወጣና በመንገዱ በኩል ያለውን የማሳውን ዳር ይጠርጋል። ማሳ! በመጥረጊያ! ነጩን ሰብስቦ በጆንያ ተሸክሞ ወንዝ ውስጥ ይደፋዋል። እኔ አባቴ ንጹሕ ሰው ስለሆነ ነው ብዬ አምን ነበር። ትምህርት ቤትም ሄጄ «የእናንተ አባቶች ቤት እንኳ አይጠርጉም፤ የእኔ አባት ማሳ ይጠርጋል» እያልኩ ጉራዬን ነፋሁ።

መንገደኛ እንዳያይበት ነበር ምስኪን። ጠዋት የጠረገው ጨው ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ይወጣል።

ማሳው መሀል ደግሞ ሁለት ጥቁር ቦታዎች ነበሩ። ዝናብ ሳይዘንብ፣ ውሃ ሳይለቀቅባቸው፣ ጠዋት ጠዋት ረጥበው፣ ዘይት የተደፋባቸው መስለው ይገኛሉ። ለዚህ መልስ ለማግኘት ብዙ አልተቸገርኩም። የጎረቤታችን አህያ እየመጣች የምትሸናበት ነው አልኩ። ከዚያ በኋላ ያችን አህያ ባየኋት ቁጥር ጓል እወረውርባት ነበር። ለካ ከጨውም ከአየር ላይ እርጥበት እየሳበ የሚጠጣ ዓይነት አለ፤ ጥቁሩ ቦታ እሱ ነው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ አህያዋ ሞታ ስለነበር ይቅርታ ልጠይቃት አልቻልኩም።

ዛሬ እኔ ራሴ አፈር መርማሪ ሆኜ ቢሆን ታሪኩ ያምር ነበር። አልሆንኩም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ አፈር የማውቀውን ግማሹን ከአባቴ፣ ግማሹን ደግሞ ከራሱ ከአፈር ቀማሹ ነው የሰማሁት። እንዴት እንደሰማሁ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የአህያዋ ባለቤት ሬዲዮ ነው የሚባለው። ሬዲዮ የሚሰማው ግማሽ ወሬ ነው፤ ሌላውን ግማሽ ራሱ ይሞላዋል። አንድ ቀን ምሳ ላይ እያለን ሳያንኳኳ ገባ።

«ሰምታችኋል?» አለ፤ ተቀመጥ እስክንለውም አልጠበቀም። «ከየማሳው አፈር ሊሰበሰብ ነው። ጨው የተገኘበት ማሳ ውሃው ይቆረጣል። ባለቤቱም ዕቃውን ጭኖ ወደ ላይኛው ሰፈር!»

አባቴ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ማን አለ?»

«ጽሕፈት ቤቱ ነዋ!»

«ከጽሕፈት ቤቱ ማን?»

«አንድ ሰው» አለ ሬዲዮ፤ በዚህም ማስረጃው ተጠናቀቀ።

ላይኛው ሰፈር ድንጋይና ነፋስ ብቻ ነው። የእናቴ ወንድም እዚያ ይኖራል። አምስት ወንዶች ልጆች አሉት፤ አምስቱም መቆንጠጥ የሚወዱ ናቸው። እኔ ስለ ውሃው መቆረጥ ብዙ አልገባኝም፤ ስለ መቆንጠጡ ግን በደንብ ገብቶኝ ምሳዬ አልወርድልሽ አለኝ። አባቴ ደግሞ ያንን ማሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳንቃ እየጎተተ፣ ጉብታውን እየናደ፣ ጉድጓዱን እየሞላ በእጁ ነው ያስተካከለው። ሌላ መሬት አልነበረንም። ማሳው ከሄደ እኛም ሄድን ማለት ነው።

በማግስቱ በእርግጥም ለየቤቱ ቁጥር የተጻፈበት ነጭ የጨርቅ ከረጢት ታደለ። የእኛ ሠላሳ ሰባት ነበር። የማሳውን አፈር ከአምስት ቦታ፣ አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ፣ ቀላቅላችሁ፣ ሐሙስ አምጡ ተባለ። ለምን እንደሆነ ያስረዳ ሰው አልነበረም፤ ወይም አስረድቶ ከሆነ ያስረዳው ለሬዲዮ ነው።

«ከበሩ ጥግ እንሞላዋለን» አለ አባቴ። በሩ የሚለው ውሃው ከቦዩ ወደ ማሳችን የሚገባበትን ነው። እዚያ ጥግ ላይ አዲስ ደለል አለ፤ ውሃውም ሁልጊዜ ስለሚያጥበው ጨው አይቀመጥበትም። የእናቴ ቃሪያ የሚበቅለውም እዚያ ብቻ ነው።

እትዬ ቀና ብላ አየችው። እትዬ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ ማሳውንም ከአባቴ ጋር እኩል ትቆፍራለች። አባቴ «እትዬ» ስለሚላት እኛም እንደዚያው እንላታለን። ብዙ አትናገርም፤ የተናገረችው ግን ሰው ላይ ያርፋል።

«ሐኪም ቤት ሄዶ ደህናውን እግር ዘርግቶ፣ የታመመውን ብርድ ልብስ ሥር መደበቅ ምን ይባላል?» አለች።

«ሰውዬው ሐኪም አይደለም፤ ፈራጅ ነው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«እትዬ፣ በሞቴ፣ ተይኝ!»

«ትቼሃለሁ» አለች።

እኔ ከዚህ ሁሉ ንግግር የያዝኩት ነገር ቢኖር የእትዬ እግር መታመሙን ነው። ያን ቀን እግሯን ስትታጠብ አጠገቧ ቁጢጥ ብዬ ሁለቱንም በደንብ መረመርኳቸው። የታመመው የቱ እንደሆነ መለየት ስላቃተኝ ለሁለቱም አዘንኩላቸው። «ትቼሃለሁ» ስትል ደግሞ መተው ማለት አለመሆኑን ከእኔ በስተቀር ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት አባቴ ከበሩ ጥግ አንድ ባልዲ አፈር ይዞ መጣ። እናቴ አየችና ፊቷን አጨማደደች።

«ይኸ ነው እንዴ ሰው ፊት የሚቀርበው? ሥሩ፣ ጓሉ፣ ገለባው! ነገ የማን ቤት ነው ሲባል ምን ልንል ነው?»

ሄዳ የዱቄት ወንፊቷን አመጣች። ምንጣፍ አንጥፋ አፈሩን ነፋችው። ጓሉን በጣቷ ፈረፈረች፤ ሥር ሥሩን ለቀመች፤ አንዲት ትል አግኝታ «ነውር ነው» ብላ አወጣቻት። አባቴ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያያል። ሲያልቅ እሱም ቆንጥሮ ቀመሰና «ምንም አይወጣለትም» አለ። እኔም ቀመስኩ። እውነት ነው፤ ምንም አይወጣለትም ነበር። ከረጢቱን ሞልተው፣ አፉን አስረው፣ ከዳሱ ምሰሶ አጠገብ አስቀመጡት፤ እናቴ ልብስ ልታጥብ ወደ ቦዩ ወረደች።

ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰው ያስተኛል። አባቴ ዳሱ ሥር ሰሌን ላይ ተጋድሞ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቷል። እኔ ጋሪው ሥር ከጥላው ጋር እየተንፏቀቅሁ ጉንዳን እቆጥር ነበር። በዚህ መሀል እትዬ ዶማና ባልዲ ይዛ ወደ ማሳው ስትገባ አየኋት። በዚያ ፀሐይ ማንም ሰው ማሳ አይገባም።

መጀመሪያ ጥጡ ወጥቶ ሞቶ በቀረበት ቦታ ቆፈረች። ከዚያ ነጩ ላይ። ከዚያ፣ ዐይኔን ማመን አቃተኝ፣ አህያዋ የሸናችበት ጥቁር ቦታ ሄዳ ቆፈረች፤ ያንኑ አፈር በእጇ አንሥታ ባልዲው ውስጥ ጨመረችው! ሌላ ሁለት ቦታ ጨመረችና አማሰለችው። ወደ ዳሱ መጣች። በአባቴ ራስጌ በእግር ጣቷ አልፋ፣ የከረጢቱን አፍ ፈታች፣ እናቴ ያን ያህል የለፋችበትን የተነፋ አፈር ቃሪያው መደብ ላይ ደፋች፣ በምትኩ ያንን ጉድ ሞላችበት። አስራ እንደነበረው አስቀመጠችው። ሄደች።

እኔ ጋሪው ሥር ሆኜ የጉንዳን ቆጠራዬን ተውኩ። እትዬ ጠላታችን ናት! ላይኛው ሰፈር እንድንሄድ፣ አምስቱም እንዲቆነጥጡኝ ፈልጋለች! ለአባቴ እንዳልነግረው ደግሞ በታላቅ እህቱ ላይ ነገር ማቅረብ ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ፤ አንዴ ሞክሬው ጆሮዬ ለሁለት ቀን ግሎ ነበር። እንባዬን እየዋጥኩ አሰብኩ፣ አሰብኩና መላው መጣልኝ። እናቴ ሾርባው ጨው ሲበዛበት ቆንጠር አድርጋ ስኳር ትጨምርበታለች፤ ጨውነቱ ይለዝባል። ሾርባ የሚድን ከሆነ አፈር የማይድንበት ምክንያት የለም።

አባቴ ተነሥቶ ውሃ ሊጠጣ ሲሄድ የስኳሩን ጣሳ አምጥቼ ከረጢቱ ውስጥ ገለበጥኩት። ሁሉንም። ቆንጠር አላልኩም፤ ነገሩ ከባድ ስለነበር። በእጄ እስከ ክርኔ ገብቼ አማሰልኩና አሰርኩት። እናቴ ያን ቀን ከቦዩ ስትመለስ ሳልታዘዝ «ልብስ ላስጣልሽ» ስላት ደንግጣ ግንባሬን ዳሰሰችኝ።

ሐሙስ ጠዋት አርባ ሰው ከረጢቱን ታቅፎ ጽሕፈት ቤቱ ግቢ ውስጥ ተሰለፈ። እኛም አራታችን ሄድን። ሰዉ ሁሉ ልጁን ለክትባት ያመጣ ነበር የሚመስለው፤ አንዳንዱ ከረጢቱን እያባበለ ይይዘዋል። አፈር ቀማሹ ከአንድ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አስቀምጦ፣ ኮዳውን በስተቀኝ፣ ደብተሩን በስተግራ አድርጎ ተቀምጧል። ከረጢት ይከፍታል፣ ቆንጥሮ ይቀምሳል፣ እንትፍ ይላል፣ ይጉመጠመጣል፣ «ደህና» ብሎ ይጽፋል።

«ደህና።»

«ደህና።»

«ይኸም ደህና።»

ዐሥረኛው ላይ ቅንድቡ ተነሣ። ሃያኛው ላይ አፈሩን በጣቱ እያሸ፣ «እናቶች፣ ይህን አፈር በወንፊት ነፍታችሁታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ሴቶቹ በሙሉ መሬት መሬት አዩ። እናቴ ብቻ ናት ብዬ ስኮራባት፣ ለካ ሰፈሩ በሙሉ ረቡዕ ሲነፋ ነው የዋለው። ከሠላሳኛው በኋላ ሰውዬው መቅመሱንም ተወው። ከረጢቱን ከፈት አድርጎ አየት ያደርግና «ደህና» ብቻ ይላል።

ሠላሳ ሰባት ደረሰ። አባቴ ከረጢቱን በሁለት እጁ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አፈር ቀማሹ አፉን ሲፈታው ጉንዳኖች በሰልፍ ወጥተው ደብተሩ ላይ ተበተኑ።

ሰውዬው በእስክሪብቶው ጠረጋቸው። ከዚያ ቆንጥሮ ቀመሰ። ፊቱ ተለወጠ። አልተፋም፤ ዐይኑን ጨፍኖ ድጋሚ ቆነጠረ። አርባው ሰው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ።

«የማን ነው?»

«የእኔ» አለ አባቴ፤ ድምፁ የተማሪ ድምፅ ሆነ።

«ይህ አፈር ጨው ነው» አለ አፈር ቀማሹ።

ሰዉ ጉምጉም አለ። ሬዲዮ ሰው የሞተበት ያህል የአባቴን ትከሻ ያዝ አደረገ። አባቴ ከረጢቱን ያያል፣ የገዛ እጁን ያያል፣ ያንን ለስላሳ አፈር የት እንዳደረሰው የጠፋው ይመስላል። እትዬ ሻሿን አጥብቃ ታስራለች።

«ስኳርም አለው» ሲል ጨመረ አፈር ቀማሹ በዝግታ። «በሥራ ዘመኔ ስኳር ያለው አፈር አጋጥሞኝ አያውቅም።»

እናቴ ቀስ ብላ አንገቷን አዙራ እኔን አየችኝ። ያን ዐይን እስከ ዛሬ አልረሳውም። የምፈራው ነገር ሁሉ ላዬ ላይ መጣ። ማሳችንን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩ፤ ስኳሩ ባይኖር ኖሮ ልክ እንደሌሎቹ «ደህና» ይለው ነበር። ጮክ ብዬ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩበትን ምክንያት ግን ሰዉ ሁሉ «አባቷ ሲዋረድ አይታ ነው፤ አቤት የሴት ልጅ አንጀት» ብሎ ተረጎመልኝ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህ ሰው ሱሪ ሊያሰፋ ሱቄ መጣ። ሆዱ ገፍቷል፤ ጸጉሩ ሸሽቷል፤ ግን መለኪያዬን ወገቡ ላይ ሳዞር ከቆመበት ጎንበስ ብሎ በረንዳዬ ላይ ካለው የአበባ ማሰሮ አፈር ቆነጠረ። ወዲያው አወቅሁት። መርፌዎቹን ከአፌ አውጥቼ ስለ ስኳሩ ተናዘዝኩ። ሱሪው እስኪተረተር ነው የሳቀው። «የመለኪያ መሣሪያችንንማ ስኳር አያታልለውም» አለኝ። «እኛ የምንለካው አፈሩ የተበጠበጠበት ውሃ ኤሌክትሪክ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ ነው። ጨው ያሳልፋል፤ ስኳር ዝም ይላል። ግን አንቺ፣ እነዚያ ጉንዳኖች ባይወጡ ኖሮ የእናንተንም ሳልቀምስ ‹ደህና› ብዬ ነበር። ምላሴ ደክሞ ነበር።» ሱሪውን በነፃ ሰፋሁለት።

ወደዚያ ቀን ልመለስ። አፈር ቀማሹ «ማሳህን አሳየኝ» ብሎ ተነሣ። አርባው ሰውም ተከተለው። ለሐዘን ይሁን ለወሬ እንጃ። ማሳችን ላይ ሲደርስ አካፋ አስመጥቶ ጉድጓድ አስቆፈረ። ጉድጓዱ ርዝመቱ ሰው ያስተኛል። እኔ ስኳሩን ፍለጋ የሚቆፍር ስለመሰለኝ ከእትዬ ቀሚስ ኋላ ተደበቅሁ፤ ጠላቴ ብትሆንም ቀሚሷ ሰፊ ነበር።

ሰውዬው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን በቢላዋ እየፋቀ አሳየ። ከላይ ነጭ፣ ከሥሩ ደለል፣ ከዚያ ድፍን ጭቃ፣ ከዚያ አሸዋ፣ እንደገና ጭቃ። «እያንዳንዱ ሙላት ጥሎት የሄደው ነው» አለ። ወገቡ ድረስ እንደተቆፈረ ከሥር ውሃ መመንጨት ጀመረ። በመዳፉ ቀድቶ ቀመሰና ፊቱን አኮማተረ።

«ይኸው ጠላታችሁ» አለ። «ጨዋማ ውሃ ከሥራችሁ፣ እዚህ ቅርብ ተኝቷል። የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስብ አፈሩም ይህን ውሃ ወደ ላይ ይስበዋል። ፀሐይዋ ውሃውን ትጠጣና ጨውን ትታላችሁ ትሄዳለች። ጠርጋችሁ አትጨርሱትም።»

አባቴ ወደ መጥረጊያው አየ። መጥረጊያው ከአጥሩ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ታዲያ ተነሡ ነው የምትሉን?» አለ አባቴ። አባቴ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ለጥቂት ነው የተረፈው።

አፈር ቀማሹ ግራ ገባው። «ከየት ወዴት?»

«ወደ ላይኛው ሰፈር።»

«ማን አለ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሬዲዮ ዞረ። ሬዲዮ ደግሞ ወደ አህያው ዞረ።

«ማንም አይነሣም!» አለ አፈር ቀማሹ። «ጥልቅ የማፍሰሻ ቦይ ልንቆፍር ነው የመጣነው። ይህ ውሃ ወደ ቦዩ ከወረደ፣ ማሳው ከላይ በጥሩ ውሃ ይታጠባል፣ ጨውም አብሮ ይሄዳል። ግን የመቆፈሪያው መሣሪያ ለሁሉም አይበቃም። ቦዩ የሚያልፈው አፈሩ በታመመበት በኩል ብቻ ነው። ደህና የሆነ ማሳ ምን ያደርግለታል?»

ሠላሳ ዘጠኝ ሰው በወንፊት የነፋውን አፈር እያሰበ ቆሞ ነበር።

«ከአርባ ሰው» አለ አፈር ቀማሹ የአባቴን እጅ እየጨበጠ፣ «እውነቱን ያመጣ አንድ ሰው! አንድ ሀቀኛ!»

አባቴ ኮፍያውን አስተካከለ። ከዚያ ዐንገቱን ደፋ አድርጎ፣ «እንግዲህ... ሰው ያለውን ነው የሚያቀርበው» አለ።

እትዬን ሳል ያዛት። እናቴ ጀርባዋን መታ መታ አደረገችላት።

ከዚያ ያየሁትን በዕድሜዬ አልረሳውም። «የእኔም እኮ ታሟል!» አለ አንዱ። «የእኔ ይብሳል!» አለ ሌላው። «የእኔማ ከሞተ ቆይቷል፤ እንዳላስጨንቃችሁ ብዬ ነው!» አለ ሬዲዮ። ጠዋት ጨዉን ሲደብቅ የነበረ ሰው ሁሉ ከሰዓት በኋላ ጓል እየያዘ «ቅመሰው! አንተው ቅመሰው!» እያለ አፈር ቀማሹን አሯሯጠው። በማግስቱ ሠላሳ ዘጠኝ ከረጢት እንደገና መጣ። ያን ቀን በሰፈሩ ሱቅ ውስጥ የቀረ ጨው አልነበረም ይባላል፤ አንዱ ጎረቤታችንማ ጨዉን ሳይፈጨው ነው አሉ የጨመረው። በመጨረሻ አፈር ቀማሹ በየማሳው እየዞረ ራሱ ቆፈረ። ቦዩም ከእኛ ማሳ ተጀመረ።

እኔ ለአንድ ወር ሻይ ያለ ስኳር ጠጣሁ። ግድ አልነበረኝም፤ ሰፈሩን ያዳንኩት እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበርና። ስለ እትዬ ደግሞ፣ ክፉ አስባ ደግ ሆነባት ብዬ ይቅር አልኳት። ክፉ አለማሰቧን ለመረዳት ሌላ አምስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ ያን ጊዜም ቢሆን አባቴ ምንም አያውቅም ብዬ ነበር።

ማሳው ሁለት ዓመት ታጥቦ በሦስተኛው ጥጡ ዳር እስከ ዳር በቀለ። አባቴም «ሀቀኛው» የሚል ስም ይዞ ቀረ። ሠርግ ላይ፣ ሽምግልና ላይ፣ ስብሰባ ላይ፣ «ሀቀኛው ይናገር» ይባላል፤ እሱም ዐንገቱን ደፍቶ «ሰው ያለውን ነው የሚያቀርበው» ይላል። እትዬን በዚያች ቅጽበት ሁልጊዜ ሳል ይይዛታል። ሠላሳ ዓመት።

ባለፈው ዓመት ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ አንድ አዲስ የተመደበ ወጣት ከጽሕፈት ቤቱ መጥቶ «ሀቀኛው የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» ብሎ እጅ ነሣው። አባቴም ዐንገቱን ደፋ፤ ያችኑ ቃል ደገመ። እትዬ ጓዳ በር ላይ ተቀምጣ ባቄላ እየፈለፈለች ነበር። ዕድሜዋን አየሁት። አንጀቴ አላስችለኝ አለ። ልጁ እንደወጣ ወንበሬን አስጠጋሁና፣ «አባዬ፣ ያን ከረጢት የሞላኸው አንተ አይደለህም፤ እትዬ ናት የለወጠችው። በዐይኔ አይቻለሁ» አልኩት።

ይደነግጣል ብዬ ነበር። አልደነገጠም።

«ኮፍያዬ ቀዳዳ ነበረው» አለ።

«ምን?»

«በቀዳዳው አየኋት። ‹ቶሎ በይ፣ ሚስቴ ሳትመጣ ቶሎ በይ› እያልኩ ነበር በሆዴ።»

«ከፈለግክ ታዲያ ራስህ ለምን አልሞላኸውም?»

«ሰባት ዓመት የለፋሁበትን መሬት በገዛ እጄ ቆፍሬ፣ ይኸውላችሁ ሙት ነው ልበል? እጄ እምቢ አለኝ፣ ልጄ። የእሷ እጅ ግን እሺ ሲል...» አልጨረሰውም። ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ የእኔም።

«ሂድና ንገራታ» አልኩት።

ተነሣ። ምርኩዙን ይዞ እስከ ጓዳው በር ያለችውን አምስት እርምጃ አገር የሚያቋርጥ ያህል ተጓዛት።

«እትዬ» አለ። «ያን ጊዜ አፈሩን ስትለውጪው... ተኝቼ አልነበረም።»

እትዬ ቀና አላለችም። አንድ ባቄላ ፈልፍላ ጣለች።

«አንተ እኮ ስትተኛ ማንኮራፋትህ ከቦዩ ማዶ ይሰማል» አለችው። «ያን ቀን ትንፋሽህም አልነበረ።»

አባቴ ባለበት ቀረ። አየኝ፤ እሷን አያት።

«ይህን ሁሉ ዓመት እያወቅሽ ዝም አልሽኝ?»

«ዝም ያልከውስ አንተ ነህ» አለች እትዬ። «እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ።»